ሕንፃ ስንት መረጃ ይበቃዋል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት በማስተምርበት የፊዚክስ ቤተ ሙከራ ውስጥ አንድ ከባድ መደርደሪያ ግድግዳ ላይ ለመትከል ተነሣን። በግድግዳው ውስጥ የኤሌክትሪክ መስመር ሊኖር ይችላል ብለን ስለጠረጠርን አስቀድመን የሕንፃውን ንድፍ ከመዝገብ ቤት አስወጥተን ተመለከትን። ንድፉ በዚያ ግድግዳ ውስጥ ምንም መስመር እንደማያልፍ በግልጽ ያሳያል። ተማምነን ሥራውን ጀመርን። መሰርሰሪያው ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል እንደገባ ብልጭታ ታየ፤ የቤተ ሙከራውም መብራት ጠፋ። ደግነቱ በሰው ላይ ጉዳት አልደረሰም።

በኋላ እንደተረዳነው ሕንፃው ሲሠራ የመስመሩ አቅጣጫ እዚያው በሥራው ቦታ ላይ ተለውጦ ነበር። ለውጡን ያዘዘው ሰው ያውቃል፤ መስመሩን የዘረጋው ባለሙያም ያውቃል፤ ወረቀቱ ግን አልሰማም። ነገሩን ሳሰላስለው ከሁሉ በላይ የገረመኝ አንድ ነጥብ ነው። ንድፉ ባይገኝ ኖሮ ተጠንቅቀን፣ መብራቱን አጥፍተን፣ የተደበቀ ሽቦ በሚጠቁም መሣሪያ ፈትሸን እንበሳ ነበር። ለአደጋ ያጋለጠን የመረጃ እጦት ሳይሆን መረጃ አለን ብለን ማመናችን ነው።

ይህ ገጠመኝ በዓለም የግንባታ ሥራ ውስጥ እየተስፋፋ ወደ መጣው የሕንፃ መረጃ ሞዴል ወደሚባለው ዘዴ መራኝ። ዘዴው በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ ቢ.አይ.ኤም. ይባላል። (ምሕጻሩን አንድ ላይ «ቢም» ብለን እንዳንጠራው በአገራችን የግንባታ ቦታ «ቢም» ማለት ጣሪያና ወለል የሚሸከመው አግዳሚ ኮንክሪት ነው፤ ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ «የሕንፃ መረጃ ሞዴል» እያልን እንቀጥላለን።) የፊዚክስ መምህር ስለ ግንባታ ምን አገባው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ጉዳዩ በመሠረቱ ስለ መረጃ፣ ስለ ልኬትና ስለ ስህተት ወሰን ነው፤ እነዚህ ደግሞ የእኛም የዕለት እንጀራ ናቸው።

ከመስመር ወደ ዕቃ

ለመሆኑ የሕንፃ መረጃ ሞዴል ምንድን ነው? ብዙ ሰው በኮምፒዩተር የተሠራ ባለ ሦስት ገጽታ ውብ ሥዕል ይመስለዋል። ሥዕሉ አለ፤ ግን ዋናው ነገር እሱ አይደለም።

በወረቀት ንድፍ ላይ በር ማለት አንድ ቀጥተኛ መስመርና አንድ ቅስት ነው። መስመሩ በር መሆኑን የሚያውቀው አንባቢው እንጂ ወረቀቱ አይደለም። ኢቫን ሰዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1963 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም «ስኬችፓድ» የተባለውን ፕሮግራም ለዶክትሬት ማሟያው ሲያቀርብ ሰው ከኮምፒዩተር ጋር በመስመር አማካይነት መነጋገር እንደሚችል አሳየ። ይሁን እንጂ ከዚያ በኋላ በስፋት የተሠራጩት የንድፍ ፕሮግራሞች በአብዛኛው እርሳሱን በኮምፒዩተር ከመተካት አላለፉም። መስመሩ አሁንም መስመር ነበር።

ቻርልስ ኢስትማን የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ሕንፃ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው ጽሑፍ የተለየ ሐሳብ አቀረበ። ኮምፒዩተሩ የሕንፃውን ሥዕል ሳይሆን ሕንፃውን ራሱን፣ ከነክፍሎቹ፣ ይመዝግብ፤ ሥዕሎቹ ሁሉ ከዚያ መዝገብ ይውጡ፤ ለውጥ ሲኖርም በአንድ ቦታ ብቻ ይደረግ የሚል ነው። ዛሬ የምንጠቀምበት ስያሜ ደግሞ ቫን ኔደርቬንና ቶልማን የተባሉ ሁለት የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጡት ጽሑፍ ላይ ይገኛል። የጽሑፋቸው ጭብጥ አንድን ሕንፃ አርክቴክቱ፣ የስትራክቸር መሐንዲሱና ሌሎቹም ባለሙያዎች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ዓይን እንደሚያዩት የሚያስረዳ ነበር።

በዚህ ዘዴ በር መስመር መሆኑ ቀርቶ ዕቃ ይሆናል። ስፋቱና ቁመቱ፣ የተሠራበት ቁስ፣ እሳትን ለስንት ደቂቃ እንደሚቋቋም፣ በየትኛው ግድግዳ ላይ እንደተገጠመ፣ የትኛውን ክፍል ከየትኛው እንደሚያገናኝ፣ ዋጋው፣ አምራቹ፣ የዋስትና ጊዜው ሁሉ በስሙ ሥር ይመዘገባል። ግድግዳው ሲነሣ በሩ አብሮ ይነሣል፤ የበሮቹ ዝርዝርም ራሱ ይስተካከላል።

ጥቅሙን በቀላል ስሌት እንየው። በተለመደው አሠራር አንድ በር በወለል ንድፍ፣ በፊት ገጽታ ንድፍ፣ በቁርጥ ንድፍ፣ በበሮች ዝርዝርና በሥራ መጠንና ዋጋ ሰነድ ላይ በድምሩ አምስት ቦታ ይጻፋል እንበል። የበሩ ስፋት ከ90 ወደ 100 ሳንቲ ሜትር ቢለወጥ አምስቱም መታረም አለባቸው። ጠንቃቃ ባለሙያ እያንዳንዱን ቦታ የመርሳት ዕድሉ ከ20 አንድ ብቻ ነው ብለን ብናስብ አምስቱም በትክክል የመታረማቸው ዕድል 0.95 በራሱ አምስት ጊዜ ተባዝቶ 0.77 ይሆናል። እንግዲህ መቶ በሮች ቢለወጡ ከሃያ በላይ የሚሆኑት እርስ በርሱ የሚቃረን ሰነድ ይዘው ወደ ሥራ ቦታ ይወርዳሉ ማለት ነው። በአንድ መዝገብ ላይ ግን የሚረሳ ሁለተኛ ቦታ የለም።

መረጃ ሲባል

እስካሁን ያልነው ሁሉ መልካም ነው። ችግሩ የሚጀምረው አንድ ዕቃ ብዙ መረጃ መያዝ ከቻለ ሁሉንም እንሙላው የሚለው ሐሳብ ሲመጣ ነው።

ክሎድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1948 ባወጣው ዝነኛ ጽሑፉ መረጃን በቁጥር የምንለካበትን መንገድ አሳይቶናል። በእሱ አመለካከት መረጃ ማለት ጥርጣሬን የሚቀንስ ነገር ነው። የውኃ መዝጊያው ቁልፍ በአንድ መተላለፊያ ላይ ካሉት ስምንት ክፍሎች በአንዱ ውስጥ መሆኑን ብቻ የሚያውቅ የቧንቧ ሠራተኛ እናስብ። ክፍሎቹን በየጊዜው እኩል እየከፈለ «በዚህ ወገን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ በሦስት የአዎንና የአይደለም መልስ ይደርስበታል። ስለዚህ የቁልፉ ቦታ ለእሱ ሦስት ቢት መረጃ ነው። የሕንፃው እጅግ ያማረ የኮምፒዩተር ሥዕል በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቢቶች ይዞ ቢቀርብለትና ቁልፉ ባይታይበት ግን ለዚህ ሠራተኛ ዋጋው ዜሮ ነው። የፋይል ግዝፈትና የመረጃ ይዘት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመረጃ ዋጋ የሚታወቀው ጠያቂውና ጥያቄው ሲታወቁ ነው።

መረጃ ዋጋ እንደሚያስከፍልም መዘንጋት የለበትም። 500 በሮች ባሉት ሕንፃ ለእያንዳንዱ በር 40 ዓይነት መረጃ ይሞላ ቢባል 20,000 ቁጥሮችና ቃላት ይሆናሉ። አንዱን ለማስገባትና ለማረጋገጥ ግማሽ ደቂቃ ቢፈጅ በድምሩ ወደ 167 ሰዓት፣ በቀን ስምንት ሰዓት ለሚሠራ አንድ ሰው 21 የሥራ ቀን ያህል ይወስዳል። ይህ ለበሮቹ ብቻ ነው። ከዚያም ለውጥ በመጣ ቁጥር ተከታትሎ ማረም ይጠበቃል። ካልታረመም በቤተ ሙከራችን እንዳጋጠመን ንድፍ የሚያሳስት መዝገብ ይሆናል። ከአርባው ውስጥ በእርግጥ የሚጠየቁት ስምንቱ ብቻ ከሆኑ የቀሩት ሠላሳ ሁለቱ የተከማቸ አደጋ ናቸው።

ከሚያውቁት በላይ መናገር

በውጭ አገር ለዶክትሬት ስማር አንድ የልኬት ውጤት ይዤ ወደ አማካሪዬ ዘንድ ገባሁ። ቁጥሩ ሰባት አሃዞች ነበሩት። ተመልክተው «ስንቱን ለክተኸዋል? ስንቱንስ ካልኩሌተሩ ሰጠህ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ዛሬም ፔንዱለም አወዛውዘው የመሬትን ስበት 9.8132467 ብለው የሚጽፉ ተማሪዎቼን በዚያው ጥያቄ እቀበላቸዋለሁ። በእጅ ሰዓት የተለካ ነገር ከሁለት ወይም ከሦስት በላይ ጉልህ አሃዞች ሊኖሩት አይችልም። የቀሩት አሃዞች ትርፍ ዕውቀት ሳይሆኑ ሐሰት ናቸው።

የሕንፃ ሞዴልም በዚሁ በሽታ ይታመማል። አርክቴክቱ ገና በመጀመሪያው ወር «እዚህ ቦታ በር ይኖራል» ከማለት ያለፈ ውሳኔ የለውም። ፕሮግራሙ ግን ያልተወሰነ በር አያውቅም፤ ከተዘጋጁት በሮች አንዱን ምረጥ ይለዋል። በተመረጠው በር ውስጥ የአምራቹ ስም፣ የቁሱ ዓይነት፣ የማጠፊያው ብዛት ሁሉ አብሮ ይገባል። ከወር በኋላ ሞዴሉን የከፈተው የዋጋ ተማኝ እነዚህን ሁሉ የተወሰኑ ነገሮች አድርጎ ያነባቸዋል። ግድግዳው 3.2746 ሜትር ነው ይላል ሞዴሉ፤ ግንበኛው ግን ብሎኬቱን በጥቂት ሚሊ ሜትር ልዩነት እንጂ በአንድ ሚሊ ሜትር አሥረኛ ሊያስቀምጥ አይችልም። በእርሳስ የተነደፈ ረቂቅ ረቂቅነቱን በመልኩ ይናገር ነበር። የኮምፒዩተር ሞዴል ግን ረቂቁም የመጨረሻውም እኩል የጠራ ሆኖ ይታያል።

ይህን ችግር ለማቃለል የአሜሪካ አርክቴክቶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2008 የዕድገት ደረጃ የሚባል መለኪያ በውል ሰነዱ ውስጥ አስገባ። ደረጃው ከ100 እስከ 500 ይሄዳል። በ100 ላይ ያለ ዕቃ ሐሳብ ብቻ ነው፤ በ200 ላይ ያለው በግምት የተቀመጠ መጠንና ቦታ አለው፤ በ300 መጠኑና ቦታው ተወስኗል፤ በ400 አምራች ሊሠራው በሚችልበት ዝርዝር ቀርቧል፤ በ500 ደግሞ በቦታው ላይ ከተሠራው ዕቃ ጋር ተመሳክሮ ተረጋግጧል። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ከቁጥሩ አጠገብ የስህተት ወሰኑን እንደ መጻፍ ያለ ሥርዓት ነው።

ይሁንና ደረጃዎቹ ራሳቸው ሌላ ስህተት አስከተሉ። አንዳንድ አሠሪዎች «ሁሉም ነገር 400 ይሁን» ማለት ጀመሩ፤ ትልቅ ቁጥር የተሻለ መስሏቸው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው አይ.ኤስ.ኦ. 19650 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ «የሚያስፈልገው የመረጃ መጠን» የሚል ሐሳብ አስተዋወቀ። ሐሳቡ በአውሮፓ እ.ኤ.አ. በ2020፣ በዓለም አቀፍ ደረጃ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2024 ራሱን የቻለ መለኪያ ወጥቶለታል። በዚህ አሠራር መጀመሪያ የሚጠየቀው ምን ያህል ዝርዝር ይኑር የሚለው ሳይሆን መረጃው ለምን ጉዳይ፣ በየትኛው የሥራ ምዕራፍ፣ በማን አቅራቢነትና ስለ የትኛው ዕቃ ይፈለጋል የሚለው ነው። ከዚያ በኋላ የቅርጹ ዝርዝር፣ የጽሑፍ መረጃውና ደጋፊ ሰነዶቹ ለየብቻ ይወሰናሉ። ከሚያስፈልገው በታች መስጠት ጉድለት እንደሆነ ሁሉ ከሚያስፈልገው በላይ ማጨቅም ብክነት መሆኑ በግልጽ ታወቀ።

ከየት ተነሥቶ?

መረጃ በቂና ትክክል ሆኖም ሊያሳስት ይችላል። በጀርመንና በስዊዘርላንድ ድንበር ላይ ላውፈንቡርግ በምትባል ከተማ በራይን ወንዝ ላይ ድልድይ ሲሠራ የሆነውን እንመልከት። ሁለቱ አገሮች ከባሕር ጠለል በላይ ከፍታን የሚለኩት ከተለያየ መነሻ ነው፤ ጀርመን ከሰሜን ባሕር፣ ስዊዘርላንድ ከሜዲትራኒያን ባሕር። በሁለቱ መነሻዎች መካከል 27 ሳንቲ ሜትር ልዩነት አለ። መሐንዲሶቹ ይህን ያውቁ ነበር፤ በስሌታቸውም አስገብተውታል። ነገር ግን ማስተካከያው በተሳሳተ ምልክት፣ መደመርና መቀነስ ተለዋውጠው ተሠራ። ልዩነቱ ዜሮ መሆኑ ቀርቶ 54 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ስህተቱ እ.ኤ.አ. በ2003 በግንባታው መካከል ተደርሶበት አንደኛው ወገን እንዲስተካከል ተደርጓል። በሁለቱም ወገን የተለካው ቁጥር ትክክል ነበር። የተሳሳተው ቁጥሮቹን የሚያገናኘው መረጃ ነው።

ይህ ጉዳይ ለአገራችን ሩቅ አይደለም። የቆዩት የኢትዮጵያ መልክዓ ምድር ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በተባለው የልኬት መነሻ ነው። በእጃችን ያለው ስልክ ወይም የጂ.ፒ.ኤስ. መሣሪያ ደግሞ ደብሊው.ጂ.ኤስ. 84 በተባለው ሌላ መነሻ ይሠራል። የአንድን ቦታ መገኛ በሁለቱ መነሻዎች በሜትር ብንጽፍ ቁጥሮቹ ከ200 ሜትር በላይ የቦታ ልዩነት ያሳያሉ። ከቁጥሩ አጠገብ የመነሻው ስም ካልተጻፈ አንድ ሕንፃ በሞዴሉ ውስጥ ከጎረቤት ቀበሌ ሊገኝ ይችላል ማለት ነው። አሃድ የሌለው ቁጥር በፊዚክስ ፈተና ነጥብ እንደሚያስቀንስ ሁሉ መነሻ የሌለው ቁጥርም በግንባታ ገንዘብ ያስከፍላል።

ማን አጸደቀው?

አሁን ወደ ከባዱ ምሳሌ እንለፍ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 17 ቀን 1981 በአሜሪካ ካንሳስ ሲቲ በሚገኘው ሃያት ሪጀንሲ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ከላይ የተንጠለጠሉ ሁለት የእግር መተላለፊያ ድልድዮች ወደቁ። 114 ሰዎች ሞቱ፤ ከ200 በላይ ቆሰሉ። ሆቴሉ ከተከፈተ ገና አንድ ዓመት ነበር።

አንዱ መተላለፊያ በሁለተኛው፣ ሌላው ከእሱ በላይ በአራተኛው ወለል ከፍታ ላይ ነበር። በመጀመሪያው ንድፍ ከጣሪያው የሚወርዱ ረጃጅም የብረት ዘንጎች ሁለቱንም መተላለፊያዎች አልፈው ይሄዳሉ፤ እያንዳንዱ መተላለፊያ ከሥሩ በገባ ዳዶ ተይዞ ያርፋል። ይህን ያህል ረጅም ዘንግ ጥርስ አውጥቶ መግጠም አስቸጋሪ ስለሆነ ዘንጉ ለሁለት ተከፈለ። የላይኛው ዘንግ ከጣሪያው እስከ አራተኛው ወለል መተላለፊያ፣ የታችኛው ደግሞ ከአራተኛው መተላለፊያ ተንጠልጥሎ እስከ ሁለተኛው እንዲሆን ተደረገ።

የአንደኛ ዓመት ፊዚክስ የወሰደ ተማሪ ልዩነቱን በአንድ የኃይል ሥዕል ይደርስበታል። ሁለት ሰዎች በአንድ ገመድ ላይ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ገመዱን ጨብጠው ቢንጠለጠሉ ገመዱ የሁለቱን ክብደት ይሸከማል፤ የእያንዳንዱ እጅ ግን የራሱን ብቻ። የታችኛው ገመዱን ትቶ የላይኛውን ቀበቶ ቢይዝ የገመዱ ጭነት አይለወጥም፤ የላይኛው ሰው እጅ ግን አሁን ሁለት ሰው ይይዛል። በሆቴሉም የላይኛው መተላለፊያ ዳዶና አግዳሚ ብረት የሚሸከሙት ኃይል እጥፍ ሆነ። በምርመራው እንደተረጋገጠው የመጀመሪያው ንድፍ እንኳ የከተማው ደንብ ከሚጠይቀው አቅም 60 በመቶ ያህል ብቻ ነበረው፤ ለውጡ ወደ 30 በመቶ አወረደው። ለተለወጠው መጋጠሚያ ግን ስሌት አልተሠራለትም ነበር። ለውጡ በንድፍ ላይ ታይቷል፤ ማኅተምም አርፎበታል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ማንሣት ይገባል። የዛሬው የኮምፒዩተር ሞዴል ቢኖር አደጋውን ያስቀር ነበር? ቅርጽን ብቻ የያዘ ሞዴል አያስቀርም። እነዚህ ፕሮግራሞች በጣም የሚመሰገኑበት አንድ ችሎታ አለ፤ ቱቦ ኮለን ሰንጥቆ ሲያልፍ ወይም ሁለት ዕቃዎች አንድ ቦታ ሲይዙ ይጠቁማሉ። በሆቴሉ መጋጠሚያ ግን አንዱ ዕቃ ሌላውን አልነካም። በቅርጽ ረገድ ሁለቱም ንድፎች ንጹሕ ነበሩ። የጎደለው ሌላ ዓይነት መረጃ ነው፦ ይህ መጋጠሚያ ስንት ኃይል እንዲሸከም ታስቧል? ስሌቱን ማን ሠራው? የቀረበው ንድፍ ረቂቅ ነው ወይስ የጸደቀ? የጸደቀውስ ምኑ ታይቶ ነው?

አይ.ኤስ.ኦ. 19650 ለዚህ የሚሰጠው መልስ ሁሉም ባለሙያ የሚገለገልበት አንድ የጋራ የመረጃ ማዕከል ነው። አርክቴክቱ፣ የስትራክቸር መሐንዲሱ፣ የኤሌክትሪኩና የሳኒታሪው ባለሙያ የየራሳቸውን ሞዴል ስለሚሠሩ ቀደም ሲል ያየነው የአምስቱ ቅጂ ችግር በሞዴሎች መካከል ተመልሶ ይመጣልና። በማዕከሉ ውስጥ እያንዳንዱ ፋይል ከአራት ሁኔታዎች በአንዱ ላይ መሆኑ ይመዘገባል። አንደኛው ገና በሥራ ላይ ያለ፣ ከሠሪው በቀር ሌላ የማይጠቀምበት ነው፤ ሁለተኛው ለሌሎች ባለሙያዎች ለማመሳከሪያ የተሰጠ፤ ሦስተኛው ለሥራ እንዲውል የጸደቀ፤ አራተኛው ለታሪክ የተቀመጠ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሸጋገር ማን፣ መቼና ለምን ጉዳይ እንዳሳለፈው አብሮ ይጻፋል። ይህ መዝገብ ስሌቱን አይሠራም፤ ነገር ግን ስሌት ሳይሠራ ማለፉ ሳይታይ እንዳይቀር ያደርጋል።

የጋራ ቋንቋና የጠፋ ገንዘብ

ባለሙያዎቹ የሚጠቀሙባቸው ፕሮግራሞች የተለያዩ በመሆናቸው አንዱ የጻፈውን ሌላው ላያነበው ይችላል። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ጥናት በዚህ አለመግባባት ምክንያት በአሜሪካ ትላልቅ ሕንፃዎችና ፋብሪካዎች ላይ በ2002 አንድ ዓመት ብቻ 15.8 ቢሊዮን ዶላር እንደባከነ ገምቷል። ከዚህም ውስጥ ሁለት ሦስተኛው የሚሆነው የወደቀው በነዳፊዎችና በተቋራጮች ላይ ሳይሆን ሕንፃውን ተረክበው በሚያስተዳድሩት ባለቤቶች ላይ ነው።

መፍትሔ ተብሎ የተዘጋጀው የጋራ ቋንቋ አይ.ኤፍ.ሲ. ይባላል። የመጀመሪያው እትም እ.ኤ.አ. በ1997 ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ሙሉ ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆነ። ንብረትነቱ የአንድ የሶፍትዌር ኩባንያ አይደለም። ይህ ለተማሪዎች ቁም ነገር አለው፤ ከ30 ዓመት በኋላ አንድን ሕንፃ ለመጠገን የዛሬው ፕሮግራም መኖር አለመኖሩ ላይ መመካት አይገባምና። በኮምፒዩተር ታሪክ ሠላሳ ዓመት ረጅም ዕድሜ ነው፤ በሕንፃ ዕድሜ ግን ወጣትነት ነው።

ከርክክብ በኋላ

የጥገና ክፍል ኃላፊ የሕንፃው ባለ ሦስት ገጽታ ሥዕል ብዙም አይጠቅመውም። የሚፈልገው ዝርዝር ነው፤ ፓምፑ የት ክፍል ነው፣ የማን ሥራ ነው፣ ዋስትናው መቼ ያበቃል፣ መለዋወጫው ስንት ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ ጦር የመሐንዲሶች ክፍል ውስጥ የተዘጋጀው ኮቢ የተባለው አሠራር ይህንኑ መረጃ በተራ የሠንጠረዥ ፋይል፣ ኤክሴል በሚከፍተው ዓይነት፣ ማስረከብ ይቻላል የሚል ነው። እዚህም ላይ ጥበቡ መጨመር ሳይሆን መምረጥ ነው።

የዚህ መረጃ መኖር አለመኖር የሰው ሕይወት ጉዳይ ሊሆን እንደሚችል ለንደን አይታለች። እ.ኤ.አ. ሰኔ 14 ቀን 2017 ግሬንፌል ታወር በተባለው ባለ 24 ፎቅ መኖሪያ ሕንፃ ላይ በተነሣ እሳት 72 ሰዎች ሞቱ። እሳቱን ያዛመተው በእድሳት ጊዜ በሕንፃው ውጫዊ ገጽ ላይ የተለበጠው ቁስ ነበር። ከአደጋው በኋላ በዴም ጁዲት ሃኪት የተመራው የሕንፃ ደንቦች ግምገማ እ.ኤ.አ. በ2018 ባቀረበው ሪፖርት ስለ እያንዳንዱ ከፍተኛ ሕንፃ ከንድፍ እስከ አገልግሎት ዘመኑ ሁሉ የማይበጠስ የመረጃ «የወርቅ ክር» እንዲኖር አሳሰበ። ሐሳቡም እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው የሕንፃ ደኅንነት ሕግ ውስጥ ገብቷል። በአንድ ሕንፃ ላይ ምን እንደተለበጠ፣ ማን እንደፈቀደውና መቼ እንደተለወጠ ለመመለስ ዶሴ ፍለጋ መሄድ የለበትም ማለት ነው።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

በአገራችን ሕንፃዎች በብዛት እየተገነቡ ነው። ውድ ፕሮግራም ለመግዛት አቅም የሌለው መሥሪያ ቤት ግን «ይህ ለእኛ አይሆንም» ብሎ መተው የለበትም። እስካሁን ካየነው እንደምንረዳው የጉዳዩ ልብ ፕሮግራሙ አይደለም። ለእያንዳንዱ መረጃ አራት ጥያቄዎችን መጠየቅ ነው፦ ማን ይጠቀምበታል? ምን ያህል እርግጠኞች ነን? ከምን ተነሥቶ ተለካ? ማን፣ መቼ አረጋገጠው? እነዚህን በደብተር ላይ የሚመልስ ፎርማን ጥያቄዎቹን ረስቶ ባለ ሦስት ገጽታ ሞዴል ከሚያስውብ ባለሙያ የተሻለ የመረጃ አስተዳዳሪ ነው። ፕሮግራሙ ሲመጣ ሥራውን ያፈጥንለታል፤ ልማዱን ግን አይፈጥርለትም።

የቴርሞዳይናሚክስ ሁለተኛው ሕግ ለብቻው የተተወ ሥርዓት ወደ መዘበራረቅ እንደሚያመራ ያስተምረናል። ሕጉ ስለ ሰነድ አልተጻፈም፤ ቢሆንም ተመሳሳይነቱ አይካድም። ማንም ክፉ ሳያስብ፣ በየቀኑ በሚደረግ አንዳንድ ትንሽ ለውጥ ብቻ፣ ሕንፃውና ወረቀቱ እየተራራቁ ይሄዳሉ። አቀራርቦ ለማቆየት ሥራ ይጠይቃል፤ ሥራው ደግሞ ወጪ አለው። ስለዚህም ነው ተንከባክበን ልናቆየው ከምንችለው በላይ መረጃ መሰብሰብ የማይገባው።

በቤተ ሙከራችን የተበሳው ሽቦ ተጠግኖ ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት ከተማሪዎቼ ጋር ሜትር ይዘን ተመለስን። የመስመሩን ከፍታ ከወለሉ፣ ርቀቱን ከበሩ ጠርዝ ለካን፤ የስህተት ወሰኑ አንድ ሳንቲ ሜትር መሆኑን ጻፍን፤ ፎቶግራፍ አነሣን፤ ቀኑንና የለኩትን ተማሪዎች ስም አሰፈርን። አንድ ገጽ አልሞላም። ቅጂውን ለመዝገብ ቤቱ ሰጥተን በአሮጌው ንድፍ ላይ «ይህ ግድግዳ ተለውጧል፤ አዲሱን ገጽ ይመልከቱ» የሚል ማስታወሻ አስለጠፍን። ከእኛ በኋላ መሰርሰሪያ ይዞ የሚመጣው ሰው የሚያስፈልገው መረጃ ይኸው ነው።